የሆድ ውኃና ዝምተኛው ኢንፌክሽን፦ በጉበት ሲሮሲስ ታካሚዎች ላይ የሚደርስ የባክቴሪያ ፔሪቶናይተስ

ሲሮሲስ የብዙ የጉበት በሽታዎች የመጨረሻ መገናኛ ነው። መነሻው የሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ቫይረስ፣ የአልኮል መጠጥ ወይም በጉበት ላይ የተጠራቀመ ስብ ሊሆን ይችላል፤ መድረሻው ግን አንድ ነው። ጤናማው የጉበት ሥጋ በጠባሳ ይተካል፤ ደም በጉበት ውስጥ እንደ ልቡ ማለፍ ያቅተዋል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ታካሚ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ጉበቱ ቀስ በቀስ ስለ ደከመ ብቻ ሳይሆን፣ በመካከል የገባ ኢንፌክሽን የቀረችውን ጥቂት አቅም ስለሚያናጋት ነው። ሆስፒታል ከሚተኙ የሲሮሲስ ታካሚዎች መካከል ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ሲገቡ ወይም ተኝተው በሚታከሙበት ጊዜ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ይገኝባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ትንተና ኢንፌክሽን የሞትን ዕድል በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳይቷል፤ በዚሁ ትንተና መሠረት ኢንፌክሽን ከያዛቸው ታካሚዎች 30 በመቶው በአንድ ወር፣ 63 በመቶው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕይወታቸው ያልፋል።

ኢንፌክሽኑ በሽንት ቧንቧ፣ በሳንባ፣ በቆዳ ወይም በደም ውስጥ ሊነሣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ለሲሮሲስ ልዩ በሆነው በአንዱ ላይ ነው፤ እርሱም የሆድ ውኃ ራሱ በባክቴሪያ ሲበከል የሚከሠተው ድንገቴ የባክቴሪያ ፔሪቶናይተስ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ይህ በሽታ በምልክቱ የማይታወቅ መሆኑ ነው። የሚታወቀው ውኃው በመርፌ ተቀድቶ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ሲቆጠሩ ብቻ ነው፤ ቆጠራውም አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ባሉበት ሆስፒታል ሁሉ ሊሠራ የሚችል ነው።

ስሙና ታሪኩ

እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው የጉበት ሐኪም ሃሮልድ ኮን፣ አንጀታቸው ሳይበሳና በሆዳቸው ውስጥ መግል የቋጠረ እባጭ ሳይገኝ የሆድ ውኃቸው በአንጀት ባክቴሪያ የተበከለ የሲሮሲስ ታካሚዎችን ሁኔታ ገልጸው ጻፉ። ችግሩ በብዛት የሚያጋጥም ሆኖ ሳለ የሚያስተውለው ሐኪም ግን ጥቂት መሆኑንም አመለከቱ። «ድንገቴ» የሚለው ቅጽል ያለ ምክንያት የሚነሣ ማለት አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ሊዘጋ የሚችል ቀዳዳ ወይም ሊወጣ የሚችል መግል የለውም ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘገባዎች በሽታው ከያዛቸው 10 ታካሚዎች 9ኙ ይሞቱ ነበር። ዛሬ በጊዜ ከተደረሰበትና በአግባቡ ከታከመ ሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ቁጥር ወደ 20 በመቶ ገደማ ወርዷል። ይህን ለውጥ ያመጣው በዋነኛነት በቶሎ መመርመርና ኩላሊትን የማይጎዳ አንቲባዮቲክ መስጠት ነው። ለአገራችን ትርጉሙ ቀላል አይደለም፤ ከሞት መቀነሱ ትልቁ ድርሻ ውድ መሣሪያ በሌለበትም ሊገኝ ይችላል ማለት ነውና።

ከአንጀት ወደ ሆድ ዕቃ

አንጀት በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ጤናማ ሰው በዚህ የማይታመመው የአንጀቱ ግድግዳ፣ የበሽታ መከላከል ሥርዓቱና ጉበቱ ተባብረው ስለሚጠብቁት ነው። በሲሮሲስ ሦስቱም ጠባቂዎች ይደክማሉ። በፖርታል ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር የአንጀት ግድግዳ ያብጣል፣ የአንጀት እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ወደ አንጀት የሚፈስሰው ሐሞትም ያንሳል። በመሆኑም ባክቴሪያዎች ከልክ በላይ ይራባሉ፤ በሳሳው ግድግዳ አልፈውም ወደ አንጀት አካባቢ ንፍፊቶች፣ ከዚያም ወደ ደም ይሻገራሉ። በጤናማ ሰው ይህ ደም በጉበት ሲያልፍ፣ በጉበት ውስጥ የተተከሉት የኩፕፈር ሕዋሳት ባክቴሪያውን ይውጡታል። በሲሮሲስ ግን ከፊሉ ደም በጠባሳው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋበት በጎን በተከፈቱ ደም መልሶች ጉበትን ሳይነካ ወደ አጠቃላይ ዝውውር ይገባል። ወንፊቱን የዘለለ ውኃ እንደማለት ነው።

ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ የሆድ ውኃ ውስጥ ሲደርስ ደግሞ ምቹ መኝታ ያገኛል። ባክቴሪያን ለነጭ የደም ሕዋሳት «አጣፍጠው» የሚያቀርቡት ኮምፕልመንት የተባሉ ፕሮቲኖች በአብዛኛው የሚሠሩት በጉበት ነው። ጉበት ሲደክም እነርሱም ያንሳሉ፤ በሆድ ውኃ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ፕሮቲን ዝቅ ባለ ቁጥር የውኃው የመከላከል ኃይልም አብሮ ዝቅ ይላል። ብሩስ ረንየን የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1980ዎቹ ያሳዩት ይህንኑ ዝምድና ነው። ከላይ ወደ ታች ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጉበት ባክቴሪያን የሚያጠምድም፣ ሌሎች እንዲያጠምዱት የሚያስታጥቅም አካል በመሆኑ፣ እርሱ ሲወድቅ ሁለቱም ሥራዎች በአንድነት ይወድቃሉ።

በብዛት የሚገኙት ባክቴሪያዎች ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ስትሬፕቶኮከስ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ነው። ከአንድ ዓይነት በላይ ከበቀለ፣ የውኃው ስኳር ከ50 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካነሰ ወይም ፕሮቲኑ ከ1 ግራም በዴሲ ሊትር ከበለጠ፣ የተበሳ አንጀት አለ ብሎ መጠርጠርና የቀዶ ሕክምና ባለሙያ መጥራት ይገባል።

ምልክት ሲጠፋ

የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት ሲባል በሕክምና ትምህርት መጀመሪያ የምንማረው ሥዕል ይታወቃል፤ እንደ ሳንቃ የደረቀ ሆድ፣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ሲነካ የሚያስጮኽ ሕመም። የሲሮሲስ ታካሚ ይህን ሥዕል አይመስልም። በሆዱ ውስጥ ያለው ብዙ ውኃ ሁለቱን የሽፋን ገጾች ለያይቶ ስለሚይዛቸው ሆዱ አይደርቅም። ትኩሳት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ጣፊያው ስላበጠ የነጭ የደም ሕዋሳቱ ቁጥር አስቀድሞ ዝቅ ያለ ነው፤ በኢንፌክሽን ምክንያት በእጥፍ ቢጨምር እንኳ «ጤናማ» የሚባለው ወሰን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ከሆነ የልቡ ምት አይፈጥንም። የብግነት መለኪያ ተብሎ የሚታዘዘው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ራሱ የሚሠራው በጉበት ነው፤ ስለዚህ ጉበቱ እጅግ በደከመ ሰው ላይ መጠኑ የሚጠበቀውን ያህል ላይወጣ ይችላል።

ኢንፌክሽኑ የሚታየው ብዙ ጊዜ በሌላ በር ነው። ትናንት ቤተሰቡን ያውቅ የነበረ ሰው ዛሬ ቀኑን ያምታታል፣ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ወይም ሽንቱ ያንሳል፣ ክሪያቲኒኑ ይጨምራል። ወይም ዓይኑ ከቀድሞው የበለጠ ቢጫ ይሆናል። በአገራችን ይህ የመጨረሻው ምልክት «የወፍ በሽታ» እየተባለ ሲጠራ የኖረ ሲሆን፣ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ሆስፒታል ከመምጣታቸው በፊት ወደ ባህል ሐኪም ጎራ ይላሉ። እዚህ ላይ የባህሉን ሕክምና መውቀስ አይከብድም፤ ነገር ግን የዘገየውን ሰዓት ሁሉ በመንገድ ላይ የጠፋ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይመስለኝም። ከታካሚው መድረስ በኋላ፣ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ መርፌው እስኪያዝ ድረስ የሚጠፋው ሰዓት የእኛው ነው።

ይህ ሰዓት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ በ12 ሰዓት ውስጥ የሆድ ውኃቸው የተቀዳላቸውን የድንገቴ ፔሪቶናይተስ ታካሚዎች፣ ከ12 እስከ 72 ሰዓት ከቆየባቸው ጋር አነጻጽሯል። በመጀመሪያው ቡድን 13 በመቶ፣ በሁለተኛው 27 በመቶ ሞተዋል። የበሽታው ክብደት ከታሰበ በኋላ እንኳ በእያንዳንዱ የዘገየ ሰዓት የመሞት ዕድል በ3.3 በመቶ ይጨምር ነበር። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የሆድ ውኃ ይዘው ከገቡ የሲሮሲስ ታካሚዎች ውኃው የተቀዳላቸው 61 በመቶው ብቻ መሆናቸውን፣ ከእነዚህም 6.5 በመቶ፣ ካልተቀዳላቸው ደግሞ 8.5 በመቶ መሞታቸውን ዘግቧል። ጥናቶቹ ወደ ኋላ ዞረው መዝገብ የመረመሩ በመሆናቸው መዘግየቱ ብቻውን ገደለ ለማለት አይበቁም፤ እጅግ የደከመን ታካሚ ለመንካት የሚፈራ ሐኪምም ቁጥሩን ሊያዛባ ይችላል። ሆኖም ሁለቱም የሚያመለክቱት አቅጣጫ አንድ ነው፤ ሀብትና መሣሪያ የሞላበት አገርም ቢሆን መርፌው ሳይነሣ እንደሚቀር ያሳያሉ።

መርፌው፣ ማይክሮስኮፑና ጠርሙሱ

የሆድ ውኃ ቋጥሮ ሆስፒታል የሚተኛ የሲሮሲስ ታካሚ ሁሉ፣ የመጣበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ምልክት ይኑረውም አይኑረውም፣ ውኃው ሊቀዳና ሊመረመር ይገባል። የአውሮፓም የአሜሪካም የጉበት ማኅበራት መመሪያዎች በዚህ ይስማማሉ። ተኝተው ከሚታከሙት ላይ ሲፈተሽ ከ10 ሰዎች በ1ዱ ገደማ ኢንፌክሽኑ ይገኛል፤ በተመላላሽ ሕክምና ላይ ባሉና ምልክት በሌላቸው ላይ ግን ከ1.5 እስከ 3.5 በመቶ ብቻ ነው።

መርፌውን የሚያዘገየው ዋናው ነገር ፍርሃት ነው፤ የደም መርጋት መለኪያው ተዛብቷል፣ ፕላትሌቱ ዝቅ ብሏል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፕላዝማ ይገኝ ይባላል። ፍርሃቱ ከማስረጃው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት 1100 ያህል የሆድ ውኃ ቅዳቶችን ተከታትሎ ከባድ የደም መፍሰስ አላገኘም፤ ከታካሚዎቹ መካከል ፕላትሌታቸው እስከ 19 ሺህ የወረደ፣ የደም መርጋት መለኪያቸው እስከ 8.7 የደረሰ ይገኙባቸዋል። ስለዚህ ፕላዝማ ወይም ፕላትሌት ለመፈለግ ተብሎ ምርመራውን ለነገ ማሳደር በአብዛኛው አይገባም። መርፌው በግራ የሆድ ታችኛ ጎን፣ በቆዳ ላይ ከሚታዩ ያበጡ ደም መልሶች ርቆ ቢገባ ይመረጣል።

የተቀዳው ውኃ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። አንደኛው ወደ ቆጠራ ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ 250 ወይም ከዚያ በላይ ኒውትሮፊል ከተገኘ፣ ካልቸሩ ሳይጠበቅ በሽታው እንዳለ ተቆጥሮ ሕክምና ይጀመራል። ቆጠራውን የሚሠራ ዘመናዊ ማሽን ባይኖር በኒውባወር የመቁጠሪያ መስታወትና በማይክሮስኮፕ ይሠራል፤ ለዘመናትም የተሠራው በዚሁ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የመሣሪያ ሳይሆን የአዘጋገብ ነው። ከቤተ ሙከራ የሚመጣው ወረቀት «ነጭ የደም ሕዋስ 900» ብሎ ያበቃና፣ ከዚያ ውስጥ ኒውትሮፊሉ ስንት እንደ ሆነ አይገልጽም። 40 በመቶው ኒውትሮፊል ከሆነ 360 ይሆናልና ታካሚው መታከም አለበት፤ 15 በመቶው ብቻ ከሆነ 135 ነውና ሌላ ነገር መፈለግ ይገባል። ያው 900 በአንዱ ታካሚ ላይ አስቸኳይ ሕክምና ነው፣ በሌላው ላይ አይደለም። መርፌው ደም ነክቶ ውኃው ከቀላ ደግሞ ለእያንዳንዱ 250 ቀይ የደም ሕዋስ አንድ ኒውትሮፊል ይቀነሳል፤ 25 ሺህ ቀይ የደም ሕዋስ ካለ 100 ኒውትሮፊል ይቀነሳል ማለት ነው።

ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ለሽንት የተሠራውን የምርመራ ወረቀት በሆድ ውኃ ውስጥ መንከር በብዙ ቦታ ተሞክሯል። ወረቀቱ በትልልቅ ጥናቶች ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን እንኳ መለየት ሳይችል ቀርቷል። በሽታ የለም ብሎ ለመወሰን አይታመንም።

ሁለተኛው አቅጣጫ ካልቸር ነው። በዚህ በሽታ በአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 2 ብቻ ነው። ስለዚህ ውኃው በተራ ብልቃጥ ተልኮ በቤተ ሙከራ ጥቂት ጠብታ በሳሕን ላይ ቢዘራ፣ ከግማሽ በሚያንሱት ላይ ብቻ ይበቅላል። በታካሚው አልጋ አጠገብ 10 ሚሊ ሊትር ያህል በደም ካልቸር ጠርሙስ ውስጥ ወዲያው ቢጨመር ግን ውጤቱ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱን ያመጣው ውድ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ የውኃው መጠንና ጠርሙሱ ውስጥ የገባበት ቦታ ነው። እንዲህም ተደርጎ ከ5 ታካሚዎች በ1ዱ ላይ ምንም ላይበቅል ይችላል። ኒውትሮፊሉ ከፍ ካለ፣ ካልቸሩ ባዶ ቢሆንም ሕክምናው ያው ነው።

ቲቢ ወይስ ድንገቴ ፔሪቶናይተስ?

እስካሁን የተጠቀሱት ጥናቶች የተሠሩት ቲቢ ብርቅ በሆነባቸው አገሮች ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ የሆድ ቲቢም ውኃ ያስቋጥራል፤ ያከሳል፤ አልፎ አልፎ ያተኩሳል። ሲሮሲስና የሆድ ቲቢ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። ስለዚህ የእኛ ሐኪም ቆጠራውን ሲያነብ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይዞ ነው።

ኒውትሮፊል ከበዛ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድንገቴ ፔሪቶናይተስ ነው፤ ሊምፎሳይት ከበዛና ፕሮቲኑ ከ2.5 ግራም በዴሲ ሊትር ከበለጠ ወደ ቲቢ ያዘነብላል። በደምና በሆድ ውኃ አልቡሚን መካከል ያለው ልዩነት 1.1 ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የውኃው ምንጭ የፖርታል ደም መልስ ግፊት ነው፤ ከዚያ ካነሰ ቲቢን ወይም ካንሰርን ያስጠረጥራል። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው መለኪያ ሲሮሲስና ቲቢ አብረው ሲኖሩ ያታልላል፤ ግፊቱ ስላለ ልዩነቱ ከፍ እንዳለ ይቀራልና። ጂን ኤክስፐርትም በሆድ ውኃ ላይ ብዙ ታማሚዎችን ይስታል፤ «አልተገኘም» ማለቱ «የለም» ማለት አይደለም።

በዚህ ቦታ መሳሳት በሁለቱም በኩል ያስከፍላል። ድንገቴ ፔሪቶናይተስን ቲቢ ነው ብሎ የገመተ ሐኪም በቀናት ውስጥ የሚገድለውን ባክቴሪያ ትቶ፣ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድን በደከመ ጉበት ላይ ይጭናል፤ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ ናቸው። ቲቢን ድንገቴ ፔሪቶናይተስ ነው ብሎ ሴፍትሪያክሶን ደጋግሞ የሰጠ ደግሞ ሳምንታት ያባክናል። ከሁለቱ የሚያድነው ሁለተኛው ቅዳት ነው። አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ከ48 ሰዓት በኋላ ውኃው እንደገና ተቀድቶ ኒውትሮፊሉ ቢያንስ በ25 በመቶ ካልቀነሰ፣ ወይ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል፣ ወይ አንጀት ተበስቷል፣ ወይ መጀመሪያ የተጠረጠረው በሽታ አይደለም።

የምሥራቅ አፍሪካ ሐኪም ሌላም ነገር ያስታውሳል። በሺስቶሶማ ማንሶኒ ምክንያት የፖርታል ደም መልስ ግፊት የጨመረበት ታካሚ ጣፊያው ያበጠ፣ ደም የሚያስመልሰው ቢሆንም የጉበቱ ሥራ ብዙ ጊዜ የተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ሲሮሲስ ላለበት የተጻፈውን ሁሉ በእርሱ ላይ መገልበጥ አይገባም።

ሕክምናው፦ አንቲባዮቲክና ኩላሊት

ከሆስፒታል ውጭ ለተነሣ ኢንፌክሽን የተለመደው ምርጫ ሴፎታክሲም ወይም ሴፍትሪያክሶን ነው፤ ሕክምናው ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ታካሚው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የተነሣ ከሆነ ግን ምርጫው ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና የብዙ አህጉራትን ሆስፒታሎች ያሳተፈ ጥናት፣ ከበቀሉት ባክቴሪያዎች ጋር ከተያያዙት ኢንፌክሽኖች 34 በመቶው ብዙ መድኃኒቶችን በተላመዱ ባክቴሪያዎች የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ከፍተኛው መጠን በእስያ፣ በተለይም በሕንድ ታይቷል። ሴፍትሪያክሶን በየክፍሉ እንደ ልማድ በሚታዘዝበት አገር፣ የየሆስፒታሉ የመላመድ መረጃ ሳይታይ መመሪያን ከባርሴሎና ወይም ከቦስተን መቅዳት አያዋጣም። ጄንታማይሲን ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ቢሆንም ኩላሊትን ስለሚጎዳ ሊወገድ ይገባል፤ ዳይክሎፌናክም እንዲሁ።

ኩላሊት ደጋግሞ የተነሣው በምክንያት ነው። በዚህ በሽታ ባክቴሪያው በመድኃኒት ተሸንፎ ሳለ ታካሚው በኩላሊት ድካም ሊሞት ይችላል። ኢንፌክሽኑ የሚፈጥረው ብግነት የሆድ ዕቃ ደም ቅዳዎችን ያሰፋል፤ ደሙ በዚያ ይከማቻል፤ ኩላሊት ደም ያነሰ ይመስለውና ሥሮቹን ያጠባል። እ.ኤ.አ. በ1999 በስፔን በፓው ሶርትና ባልደረቦቻቸው የታተመው፣ 126 ታካሚዎችን በዕጣ የመደበው ጥናት ይህን ሰንሰለት መበጠስ እንደሚቻል አሳየ። ሴፎታክሲም ብቻ ከወሰዱት 33 በመቶው፣ አልቡሚን ከተጨመረላቸው ግን 10 በመቶው ብቻ የኩላሊት መድከም ደረሰባቸው። ሆስፒታል ውስጥ የሞቱትም 29 በመቶ ለ10 በመቶ ነበሩ። በመድኃኒት ጥናት ዓለም እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ አይታይም።

የጥናቱ መጠን በመጀመሪያው ቀን በኪሎ ግራም ክብደት 1.5 ግራም፣ በሦስተኛው ቀን 1 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 90 ግራምና 60 ግራም፣ በድምሩ 150 ግራም ይሆናል፤ 10 ግራም በሚይዘው ባለ 20 በመቶ የ50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲሰላ 15 ጠርሙስ ነው። ከኪሱ ለሚከፍል ቤተሰብ ይህ ቁጥር ብቻውን ፍርድ ነው። ስለዚህ የትኛው ታካሚ ይበልጥ ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ እዚህ የሒሳብ ጥያቄ ሳይሆን የሕይወት ጥያቄ ነው። ክሪያቲኒኑ ከ1 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የበለጠ ወይም ቢሊሩቢኑ ከ4 የበለጠ ታካሚ ለኩላሊት ድካም ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ አቅሙ ውስን ከሆነ ያለውን አልቡሚን ለእርሱ ማስቀደም ተገቢ ይመስለኛል። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የብሪታንያ ጥናት 777 ተኝተው የሚታከሙ የሲሮሲስ ታካሚዎችን መድቦ፣ የደም አልቡሚንን ከፍ ለማድረግ ብቻ ተብሎ በየቀኑ አልቡሚን መስጠት ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። አልቡሚን ለድንገቴ ፔሪቶናይተስ መድኃኒት ነው፤ ለወረደ የቤተ ሙከራ ቁጥር ማስተካከያ ግን አይደለም።

መከላከያ መድኃኒት ለማን?

አንዴ ከበሽታው የዳነ ታካሚ በአንድ ዓመት ውስጥ ዳግም የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የፔሬ ጂኔስና የባልደረቦቻቸው ጥናት ይህ ዕድል ያለ መድኃኒት 68 በመቶ፣ ኖርፍሎክሳሲን በየቀኑ ሲወሰድ ደግሞ 20 በመቶ መሆኑን አሳየ። ደም የሚያስመልሰው የሲሮሲስ ታካሚም ለአጭር ቀናት አንቲባዮቲክ ሊወስድ ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ኢንፌክሽኑ ገና ባልያዛቸው ላይ ነው። በ2007 የታተመ የስፔን ጥናት የውኃቸው ፕሮቲን ከ1.5 ግራም በዴሲ ሊትር ያነሰና ጉበታቸው ወይም ኩላሊታቸው እጅግ የደከመ ታካሚዎች በኖርፍሎክሳሲን በእጅጉ እንደሚጠቀሙ ዘገበ። በ2018 የታተመው፣ 291 ታካሚዎችን ያሳተፈ የፈረንሳይ ጥናት ግን በስድስት ወር ሞት ላይ ግልጽ ልዩነት አላገኘም።

ኖርፍሎክሳሲን ከብዙ ገበያዎች እየጠፋ በመምጣቱ በቦታው ሲፕሮፍሎክሳሲን ይታዘዛል። እዚህ ላይ የእኛ ሁኔታ ከአውሮፓ ይለያል። ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና ምሰሶዎች ናቸው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንም የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። ቲቢ ያለበትን፣ ግን ያልተመረመረን ታካሚ ለወራት በዚህ መድኃኒት ማቆየት በሽታውን በከፊል ሊሸፍነውና ባክቴሪያው ቤተሰቡን በሙሉ እንዲላመድ ሊያደርገው ይችላል። በመሆኑም በአገራችን የረዥም ጊዜ መከላከያ ከመጀመሩ በፊት ቲቢ በሚገባ መፈተሽ አለበት። አማራጭ ሆኖ የሚታሰበው ኮ-ትሪሞክሳዞል ነው፤ በኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ምክንያት በየጤና ጣቢያው የታወቀና ርካሽ መድኃኒት ነው። ስፓይሮኖላክተን ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ ግን የደም ፖታስየምን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ክትትል ይሻል። ያለ ግልጽ ምክንያት የሚታዘዘው ኦሜፕራዞልም መቆም ይገባዋል፤ ከኢንፌክሽን መጨመር ጋር የተያያዘባቸው ጥናቶች ብዙ ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው መከላከያ ሲሮሲሱ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን እ.ኤ.አ. በ2007 በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገብታለች፤ በ2015 ደግሞ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ተጀምሯል። የክትባቱ ፍሬ በጎልማሶች ላይ ለመታየት ግን አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። በዚህ መካከል ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ የሚመጡት ክትባቱን ያላገኘው ትውልድ ልጆች ናቸው።

በዚህ መስክ የመመረቂያ ጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥያቄ አለ። ታካሚው ድንገተኛ ክፍል የደረሰበት ሰዓት፣ ውኃው የተቀዳበት ሰዓት፣ የኒውትሮፊል ቆጠራው የተጻፈበት ሰዓት፣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ የተሰጠበት ሰዓት፤ አራቱም ከታካሚው ካርድ፣ ከነርሶች መዝገብና ከቤተ ሙከራ መዝገብ ሊሰበሰቡ ይችላሉ። ከእነርሱ ጋር የክሪያቲኒን መጠንና ታካሚው በሕይወት መውጣት አለመውጣቱ ቢመዘገብ፣ በአንድ የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ መዘግየቱ በየትኛው በር ላይ እንደሚፈጠር ማወቅ ይቻላል፤ በሐኪሙ ውሳኔ፣ በመርፌ እጥረት፣ ወይስ ማታ በሚዘጋ ቤተ ሙከራ።